ክልክል መሬት፤ የወንዝ ዳርቻና የጓሳ ደንብ



ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ላጋውን የምታቋርጡ ካላችሁ ዛሬ ዳርና ዳሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ካምፑ በሙሉ ጎጆ ከጎጆ፣ አጥር ከአጥር ተጠጋግቶ ሳለ በታራች ዳርቻ ላይ ግን ትልልቅ ግራሮች ቆመው ታያላችሁ። ከስድስተኛ ክፍል አንዲት ተማሪ «መምህር፣ እንጨቱ ፊታችን ቆሞ ሳለ አተሩ ሳይበስል ለምን ያድራል?» ስትል ጠየቀችኝ። የተሰጣቸው ማገዶ ከቀኑ በፊት ስላለቀ እናቷ ከራሽናቸው ላይ ማሽላ ቀንሰው እንጨት ገዝተዋል። ጥያቄዋ የሆድ ጥያቄ ስለሆነ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የዛሬው ትምህርታችን ለእርሷ የሚሰጥ መልስ ነው። መልሱ ግን ከካኩማ ተነሥቶ መንዝ ደርሶ በናይሮቢ በኩል ስለሚመለስ ትንሽ ታገሡኝ።

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። ሕግ የምንለው መንግሥት በምክር ቤቱ የሚያወጣውን ነው። ደንብ ደግሞ ከሕጉ ሥር ሆኖ ዝርዝሩን የሚወስነው ነው። ሆኖም ደንብ በመንግሥት ወረቀት ላይ ብቻ የሚጻፍ አይደለም። የአገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው የወሰኑትና ልጅ ከአባቱ የተማረው ሥርዓትም ደንብ ነው። ገበሬው ለከብቱ ብሎ የሚያስጠብቀውን ሣር «ክልክል» ይለዋል። ክልክል ማለት ለዘላለም አይነካም ማለት ሳይሆን፣ ጊዜው ሳይደርስና ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይነካም ማለት ነው። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

መሬት ሁሉ ክልክል አይሆንም። ክልክል እንዲሆን የሚያስፈልገው በቀላሉ የሚጎዳ፣ ከተጎዳም በኋላ ለማገገም የሰው ዕድሜ የሚፈጅ መሬት ነው። ጉዳቱም እዚያው አይቀርም። ረግረግ ሲደርቅ የታችኛው መንደር ምንጭ ይነጥፋል፤ ቁልቁለት ሲመነጠር የሜዳው እርሻ በደለል ይሸፈናል። የወንዝ ዳርቻም እንዲሁ ነው።

ታራችና ኤክዋር

ታራች በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። እዚህ ጠብ ሳይል በላይኛው አገር ዘንቦ ጎርፉ በድንገት እንደሚደርስ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ቤታቸውን የወሰደባቸውም በመካከላችሁ አሉ። ይሁን እንጂ ጎርፉ ካለፈ በኋላ አሸዋው ባዶውን አይቀርም። ውኃው ወደ ታች ይሰርግና ከሥር ይጠራቀማል። ከቧንቧ የምትቀዱት ውኃ የሚሳበው በላጋው ዳርና ዳር ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ስለዚህ ያ «ባዶ» የሚመስለው ዳርቻ የካምፑ እንስራ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ግራሩ በዚህ መካከል ሁለት ሥራ ይሠራል። ሥሩ ዳርቻውን እንደ ስፌት አጥብቆ ይይዛል። ዛፉ ሲነሣ ጎርፉ አፈሩን እየናደ ላጋውን ያሰፋዋል፤ ላጋው ሲሰፋ ትናንት ሩቅ የነበረው ቤት ነገ አፋፉ ላይ ይገኛል። ሁለተኛው ሥራ የቱርካና ከብት አርቢዎችን የሚመለከት ነው። በበጋ ሣር ሲጠፋ ፍየልና በግ የሚተርፉት ከግራሩ በሚረግፈው ፍሬ ነው። ቱርካናዎች ይህን ግራር ኤዎይ ይሉታል። አንድ ትልቅ ኤዎይ ለአንድ ቤተሰብ ፍየሎች የድርቅ ወራት ጎተራ ነው።

ስለዚህ በቱርካና ባህል የወንዝ ዳር ዛፍ ባለቤት የሌለው አይደለም። ኤክዋር የሚባል ሥርዓት አለ። ኤክዋር ማለት አንድ ቤተሰብ በአንድ የወንዝ ዳር ክፍል ላይ ባሉት ዛፎች የመጠቀም መብት ነው። መብቱ ከአባት ወደ ልጆች ይተላለፋል። ባለመብቱ በበጋ የሌላ ሰው መንጋ ፍሬውን እንዳይበላበት ሊከለክል ይችላል፤ ሕያው ዛፍ ለመቁረጥም እርሱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ጎብኝቶት የማያውቅ፣ ለብዙ ዓመት ትቶት የሄደ ሰው ግን መብቱ ሊላላ ይችላል። ክርክር ሲነሣ ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይዳኛሉ። በወረቀት አልተጻፈም፣ አጥር የለውም፣ ምልክትም የለውም። ባዕድ ሰው ሊያየው አይችልም፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እኔ ራሴ ወደዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ለአጥር የሚሆን እሾህ ስፈልግ ከላጋው ዳር አንድ ቅርንጫፍ ቆረጥሁ። ወዲያው አንድ አዛውንት በትራቸውን ይዘው መጡና መጥረቢያዬን ወሰዱብኝ። በጣም ተናደድሁ፤ በረሃ ላይ የቆመ እሾህ ባለቤት ይኖረዋል ብዬ አላሰብሁም ነበር። በማግስቱ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው ይዤ ሄድሁ። አዛውንቱ «እናንተ አገር ሰው የሌላውን ጎተራ ከፍቶ ይዘግናል ወይ?» ብለው አስጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ። መጥረቢያዬን መለሱልኝ፤ ትንባሆ ሰጥቼ ተለያየን። በእኔ ላይ የደረሰው ቀላሉ ነው። በእንጨት ምክንያት የተደበደቡ፣ ከዚያም የከፋ የደረሰባቸው ሴቶችና ልጃገረዶች እንዳሉ ወላጆች ታውቃላችሁ። ደንብ መጣሱ ጥቃቱን ትክክል አያደርገውም፤ የሴት ልጅ ደኅንነት በማገዶ አይለወጥም። ግን ደንቡን የማያውቅ ሰው በማን ጎተራ ላይ እንደ ቆመ አያውቅም።

የመንዝ ጓሳ

«ይህ የአርብቶ አደር ሥርዓት ነው፤ እኛ ገበሬዎች ነን» የሚል ይኖር ይሆናል። እንግዲያው ወደ ሰሜን ሸዋ እንሂድ።

በመንዝ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ስሙን ያገኘው እዚያ ከሚበቅለው ጓሳ ከተባለው ሣር ነው። ጓሳ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበስ ጌሳ ይሠራበታል። አገሩ ብርድ ስለሆነ ሣሩ የሚያድገው ቀስ እያለ ነው፤ አንድ ጊዜ ከታረሰ ወይም ያለ ልክ ከተጋጠ ቶሎ አይመለስም። የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ወደ ምንጮች ይለቅቃል። ከዚያ የሚነሡት ውኃዎች አንዳንዶቹ ወደ ዓባይ፣ አንዳንዶቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ጭላዳውና ጅብራው እዚያ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘው፣ ቁጥሩም ወደ 500 ዝቅ ያለው ቀይ ቀበሮም እዚያ ይኖራል።

ይህ ምድር እስከ ዛሬ ሳይታረስ የቆየው ሰው ስላልፈለገው አይደለም። በዙሪያው ያለው ገበሬ ማሳው ጠባብ ነው። የቆየው በደንብ ስለተጠበቀ ነው። ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች ጓሳን ለይተው ለጋራ ግጦሽና ለሣር ተዉት። ከእነርሱ የተወለደ ሁሉ በአጽመ ርስት የመጠቀም መብት ነበረው። አስተዳደሩ ቄሮ ይባል ነበር። ለአስቦ ወገን አንድ፣ ለጌራ ወገን አንድ አባ ቄራ ይመረጥና ጥበቃውን ይመራ ነበር። ተጠቃሚዎቹ በየአጥቢያቸው ተከፋፍለው የየራሳቸውን ክፍል ይጠብቁ ነበር።

አሠራሩን በደንብ ተከታተሉ፤ ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጓሳ ለተከታታይ ሦስት፣ አራት፣ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር። በዚያን ጊዜ ማጨድ፣ ማሰማራት፣ እንጨት መልቀም አልነበረም። አቅም ያለው አባወራ ሁሉ በተራ ወጥቶ ይጠብቅ ነበር። ሣሩ መድረሱን አባ ቄራው ካየ በኋላ የሚከፈትበት ቀን በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በለቅሶ ቤት ይነገር ነበር። ለምን በእነዚህ ቦታዎች? ሰው ሁሉ የሚገኝባቸው ስለሆኑ ነው፤ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር። በጋው ሲበረታ ይከፈት ነበር። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨድ፣ ቀጥሎ ከብቱ ይገባ ነበር። ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን ገደማ፣ ከብቱ ወጥቶ እንደገና ይዘጋ ነበር። አንድ ቀን የዘገየ ሰው «ወሬው አልደረሰኝም» ማለት አይችልም ነበር፤ የጾሙን ፍቺ የማያውቅ የለማ!

ቅጣቱ ከባድ ነበር። ጥበቃ ያልወጣ ወይም በተዘጋ ጊዜ የገባ ሰው ይቀጣል፤ ጥፋቱ ከበረታ ቤት እስከ ማቃጠል ይደረስ ነበር። ይህን ስጽፍ አድንቄ አይደለም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ልጆች የት አደሩ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሌላም ጉድለት ነበረው፤ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆነ ሰው እዚያው ተወልዶ እዚያው ቢያረጅም መብት አልነበረውም። ያለፈውን ሥርዓት ስናጠና መልካሙን ብቻ እየመረጥን ብንነግራችሁ ትምህርት ሳይሆን ተረት ይሆናል።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ አጽመ ርስት ቀረ፤ ከእርሱ ጋር ቄሮም ፈረሰ። ቀድሞ መብት ያልነበራቸው አገኙ። ይህ ፍትሕ ነበር። ነገር ግን አዲሱ መብት አዲስ ደንብ ይዞ አልመጣም። ባለቤቱ ሁሉም ሲሆን ጠባቂ ጠፋ፤ ከብቱ ያለ ጊዜው ገባ፣ ሣሩም ሳይደርስ ታጨደ። ቆይቶ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ገበሬዎች ራሳቸው ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ፣ ጥበቃውን መለሱ፣ በዘር መለየቱን ግን አልመለሱም። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ በክልሉ መንግሥት ዘንድ የታወቀ ነው። ከመንዝ የመጣችሁ ወላጆች ከእኔ የበለጠ ስለምታውቁ የተሳሳትሁትን አርሙኝ።

በኬንያ ሕግ የወንዝ ዳር

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የምንኖርበት አገር የአካባቢ ጥበቃ ሕግ የወጣው በ1999 ነው። ይህን ሕግ ተከትሎ በ2006 የወጣው የውኃ ጥራት ደንብ በወንዝ ዳር ማረስንና መገንባትን ከለከለ። የክልክሉ ስፋት የወንዙን ስፋት ያህል ሆኖ በየዳሩ ከ6 ሜትር አያንስም፣ ከ30 ሜትርም አይበልጥም። መለካት የሚጀመረው የተመዘገበው ከፍተኛ ጎርፍ ከደረሰበት ነጥብ ነው። የሒሳብ ደብተራችሁን አውጡ። ወንዙ 4 ሜትር ቢሰፋ ክልክሉ 4 ሳይሆን 6 ሜትር ነው። 18 ሜትር ቢሰፋ 18 ነው። 70 ሜትር ቢሰፋስ? 30 ብላችሁ ከመለሳችሁ ገብቷችኋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ችግሩ ሌላ ነው። የግብርና፣ የቅየሳና የውኃ ሕጎች በየጊዜው የተለያየ ልክ ስለሰጡ አንዱ መሥሪያ ቤት የከለከለውን ሌላው ሲፈቅድ ቆየ። በነሐሴ 2018 ናይሮቢ ውስጥ በወንዝ ዳር የቆሙ ነዳጅ ማደያና ትላልቅ የገበያ ሕንፃዎች በግሬደር ፈረሱ። ባለቤቶቹ «ፈቃድ ነበረን» ብለው ተከራከሩ። ፈቃድ የሰጣቸው ማን ነው? ወንዙን የለካው ማን ነው? በጓሳ አባ ቄራውን ሰው ሁሉ በስሙና በመልኩ ያውቀው ነበር፤ በትልቅ ከተማ ግን ማኅተም ያሳረፈው እጅ አይታይም።

ከስድስት ዓመት በኋላ በ2024 ከመጋቢት እስከ ግንቦት የዘነበው ዝናብ በኬንያ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወት አጠፋ። በናይሮቢ፣ የእኛም ሰዎች ብዙ ከሚኖሩበት ከኢስሊ አጠገብ ባለው በማታሬ፣ ወንዙ ቤቶችን ጠራርጎ ወሰደ። መንግሥት ከወንዝ ዳር 30 ሜትር ውስጥ ያለ ሁሉ እንዲነሣ አዘዘ፤ ግሬደሩም ተከተለ። ለተነሡት ቤተሰቦች 10,000 ሽልንግ እንደሚሰጥ ተነገረ። ደንቡ ትክክል ነበር፤ ወንዙ የማን ቤት እንደሆነ አይጠይቅም። ነገር ግን ለዓመታት እያዩ ዝም ብለው፣ ቤት ኪራይ የሚያስከፍልም እያለ፣ ሰው በጎርፍ ከተመታ በኋላ ሜትር ይዞ መምጣት ደንብን በድሃው ላይ ብቻ የሚያርፍ ያስመስለዋል። በእኔ አስተያየት የክልክል ደንብ የሚነገርበት ጊዜ ሰው ምሶሶ ከማቆሙ በፊት ነው።

ወደ ሠፈራችን ስንመለስ

አሁን ለስድስተኛ ክፍሏ ተማሪ መልሱን ልስጥ። አተሩ ሳይበስል የሚያድረው የማገዶው ድልድል ከቤተሰቡ ፍላጎት ስለሚያንስ እንጂ ግራሩ ስለቆመ አይደለም። ግራሩን ብንቆርጠው ስንት ቀን ይበቃናል? አንዱ ዛፍ ለአንድ ብሎክ ጥቂት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዳርቻው ይናዳል፣ ባለ ኤክዋሩ ቤተሰብ የበጋ ስንቁን ያጣል፣ ልጁ ከልጃችን ጋር በጠላትነት ይተያያል። ስለዚህ ክርክራችን ከዛፉ ጋር ሳይሆን ከድልድሉ ጋር ይሁን። የብሎክ ተወካዮች በስብሰባ ላይ ማገዶው ስንት ቀን እንደቆየ በቁጥር ይዘው ቢቀርቡ «አልበቃንም» ከሚል ጩኸት ይልቅ ይሰማሉ። ማገዶው የመጣበትን ቀንና ያለቀበትን ቀን በየቤታችሁ በግድግዳ ላይ ጻፉ፤ ይህን ማድረግ የሁለተኛ ክፍል ልጅም አያቅተውም።

እናቶች አንድ ነገር ጨምሩ። ሦስት ጉልቻ ላይ በሜዳ የሚነድ እሳት ሙቀቱን ነፋስ ይወስደዋል። በጭቃ የተሠራ ምድጃ፣ አስቀድሞ የተነከረ አተር፣ የተከደነ ድስት እንጨቱን በግልጽ ይቆጥባሉ። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ግን ማታ ነክሮ ለማደር ባልዲው ባዶ እንዳይሆን ውኃ የሚቀዳው ልጅ አይዘግይ።

ቤታችሁ አፋፉ አጠገብ የሆነ ቤተሰቦች፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ለሠፈሩ ተወካይ አመልክቱ፤ ጎርፉ የት ድረስ እንደመጣ የሚያሳይ ምልክት በዛፍ ግንድ ላይ ካለ አሳዩ። በኬንያ ደንብ ልኩ የሚጀመረው ከከፍተኛው ጎርፍ ነው ብለናልና ያ ምልክት ማስረጃችሁ ነው። ከዳርቻው አሸዋና አፈር እየቆፈራችሁ ጡብ የምትሠሩ ወጣቶችም አሉ። ገቢ እንደሚያስፈልጋችሁ አውቃለሁ። ቢያንስ ከአፋፉና ከጉድጓዶቹ ራቁ።

የቤት ሥራ

ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያላችሁ በደብተራችሁ ሠርታችሁ አምጡ። በመጀመሪያ፣ በጓሳ የመዝጊያው ቀን ከጾም ፍቺ ጋር እንዲሆን የተደረገው ለምን ይመስላችኋል? ቀጥሎ፣ 24 ሜትር ስፋት ባለው ወንዝ ግራና ቀኝ ያለው ክልክል በድምሩ ስንት ሜትር ይሆናል? ሦስተኛው ጥያቄ የቃል ነው። አባታችሁን፣ እናታችሁን ወይም በሠፈራችሁ ያሉትን አዛውንት «እናንተ አገር ክልክል መሬት ነበረ ወይ? ማን ይጠብቀው ነበር? ያጠፋ ሰው ምን ይደርስበት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና የነገሯችሁን በራሳቸው አነጋገር ጻፉ። በኦሮምኛ ወይም በሱማልኛ የሚናገሩ ከሆነ የሚተረጉምላችሁ ፈልጉ። የቱርካና ጓደኛ ያላችሁ ደግሞ የእርሱ ቤተሰብ ኤክዋር ከየት እስከ የት እንደሆነ ጠይቁት፤ ፈቃደኛ ከሆነ አብራችሁ ሄዳችሁ እዩ፣ መጥረቢያ ግን አትያዙ። በሚቀጥለው እትም ከመልሶቻችሁ መርጠን እናወጣለን።